«አልደረሰኝም» ሲባል ኪሳራው የማን ነው?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክራችን በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚሸጡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ጉዳይ ነው። ገዢ በቴሌብር ከፍሏል። ሻጭ ዕቃውን በሞተረኛ ልኳል። ማታ ላይ ገዢ «አልደረሰኝም፣ ብሬን መልሱልኝ» ይላል። ሞተረኛው ደግሞ «አስረክቤያለሁ» ብሎ ይምላል። የቀረበው ሐሳብ ይሄ ነው፦ ሻጭ ዕቃ ሲልክ ለገዢው ስልክ የርክክብ ቁጥር በኤስኤምኤስ ይላክ። ቁጥሩን ለሞተረኛው ያልሰጠ ገዢ ዕቃ አይረከብ። ቁጥሩን የሰጠ ደግሞ «አልደረሰኝም» ማለት አይችል። ትስማማላችሁ?

ልብስ ሻጭ፣ ሽሮ ሜዳ፦ እስማማለሁ። የሀበሻ ቀሚስ ነው የምሸጠው። በሰው ልክ ተለክቶ፣ ጥለቱ ተመርጦ ነው የሚሠራው። ተመልሶ ቢመጣ እንኳ ለሌላ ሰው አይሆንም። ለሸማኔውም ለጠላፊውም ቀድሜ ከፍያለሁ። ገዢዋ «አልደረሰኝም» ስትል ቀሚሱንም ብሩንም አጣለሁ። እሷስ ምን ታጣለች? እኔ እንደውም ማስረጃ ማምጣት ያለባት እሷ ናት ባይ ነኝ።

ገዢ፣ አያት፦ እህቴ፣ አልደረሰኝም ያለ ሰው ምን ማስረጃ ያመጣል? ያልመጣ ዕቃ ፎቶ አይነሳም። ብር ተቀብለው ብሎክ የሚያደርጉ ቻናሎች ሞልተዋል። ቀድመን የምንከፍለው አምነናችሁ ነው። እኔ አሁን አሁን ዕቃውን በእጄ ሳልይዝ አልከፍልም።

ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ፣ መገናኛ፦ ሲረከቡ መክፈልም የራሱ ጣጣ አለው ወንድሜ። ሞተረኛው በር ላይ ሲደርስ ስልኩን የሚዘጋ ገዢ አለ። የደርሶ መልሱ ሒሳብ ከእኔ ኪስ ነው። «ከፍያለሁ» ብሎ የተቀነባበረ ስክሪንሾት የሚልክም አለ። ብሩ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ራሴ ሳላይ ዕቃ አልለቅም።

ጠበቃ፦ የሽሮ ሜዳዋ እህታችን ምሬት ይገባኛል። ሕጉ ግን ከእሷ ጋር አይቆምም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2001ን እዩት። ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ያስረዳል። ግዴታው ቀሪ ሆኗል የሚል ደግሞ ቀሪ መሆኑን ያስረዳል። ወደ እኛ ጉዳይ እናምጣው። ገዢ መግዛቱንና መክፈሉን ያሳያል። የቴሌብር ደረሰኙና የተጻጻፋችሁት ለዚህ ነው። «አስረክቤ ጨርሻለሁ» የሚለው ሻጭ ነው፤ ማስረከቡን የማስረዳት ሸክምም የእሱ ነው። ሞተረኛውን የላከው ሻጭ ከሆነ «ስህተቱ የሞተረኛው ነው» ብሎ ገዢን ማሰናበት አይቻልም። ገዢው የራሱን ሞተረኛ ልኮ ካስወሰደ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጥሩው ዜና፣ በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም። ቴሌግራም ላይ የተጻጻፋችሁትም፣ ኤስኤምኤሱም ዋጋ አለው። ስለዚህ አታጥፉት። ለአንድ ጫማ ፍርድ ቤት የሚመላለስ እንደሌለ አውቃለሁ። ማስረጃው በእጅ ሲኖር ግን አብዛኛው ጠብ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ያልቃል።

ሞተረኛ፦ ስለ እኔ ብዙ ተባለ፤ እኔም ልናገር። ቦታው ስደርስ ብዙ ጊዜ ገዢው የለም። ደውዬ «መጥቻለሁ» ስለው «ሥራ ላይ ነኝ፣ ለጥበቃው ስጠው» ይለኛል። ኮንዶሚኒየም ላይ ጥበቃው በፈረቃ ነው። ቀን የተቀበለኝ ሰው ማታ የለም። ገዢው ማታ ሲገባ ተረኛው «እኔ የማውቀው ነገር የለም» ይለዋል። ከዚያ ስልኩ ወደ ሻጭ፣ ከሻጭ ወደ እኔ ይዞራል። በቃል «ለጥበቃው ስጠው» የተባልኩትን ማን ይመሰክርልኛል? ሻጩ ከሒሳቤ ይቆርጣል። የአንድ ስልክ ዋጋ እኔ ስንት ሳምንት ሠርቼ የማገኘው ነው። እናንተ ሻጭና ገዢ እያላችሁ ትከራከራላችሁ፤ መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ግን ሦስተኛው ሰው ነው። ቁጥሩ ለእኔ ጥሩ ነው። ግን ገዢው ቁጥሩን በስልክ ነግሮኝ ዕቃውን ለጥበቃ ብሰጥና ቢጠፋስ?

ገዢ፣ አያት፦ ቁጥሩን ከሰጠሁ ወዲያማ የእኔ ነው፣ አልክድም። ግን ገና መንገድ ላይ እያለ «ቁጥሩን ላክልኝ፣ እንዳልቆም» የሚል ሞተረኛም ይኖራል። ያኔ ቁጥሩ የሚመሰክረው ውሸት ነው። ዕቃው ተከፍቶ ሳይታይ ቁጥር መስጠትም ልክ አይደለም። ካርቶን ተረክቤ ውስጡ ሌላ ነገር ቢሆንስ?

ኢቤይ ላይ የምሸጥ፣ ቨርጂኒያ፦ ከዚህም ልጨምር። እኔ ጀበናና ረከቦት ነው የምሸጠው። እዚህ አሜሪካ ክርክሩን የሚዳኘው የምንሸጥበት ወይም የሚከፈለን መድረክ ራሱ ነው። ፔይፓል በሚባለው የክፍያ መድረክ ላይ ገዢ ከከፈለበት ቀን ጀምሮ እስከ 180 ቀን ድረስ «አልደረሰኝም» ብሎ ክስ መክፈት ይችላል። ስለዚህ የፖስታ ደረሰኜን ቶሎ አልጥልም። ዕቃው ትዕዛዙ ላይ ባለው አድራሻ መድረሱን የፖስታው መከታተያ ካሳየ፣ በር ላይ ተጥሎ ቢሰረቅ እንኳ ብዙውን ጊዜ ውሳኔው ለእኔ ነው። ዋጋው 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የተቀባዩ ፊርማ ያስፈልጋል። ፊርማ ከሌለ መድረኩ ለሻጭ የሚሰጠው ከለላ የለም።

ሰው የሚወድቀው አድራሻ ላይ ነው። ገዢው ከከፈለ በኋላ «ወደ እህቴ ቤት ላክልኝ» ብሎ ይጽፋል። እሺ ብለህ ከላክህ ከለላህን አጣህ፤ ትዕዛዙ ላይ ያለው አድራሻ ሌላ ነውና። ትዕዛዙን ሰርዤ በአዲሱ አድራሻ እንደገና እንዲገዛ ነው የማደርገው። ገዢው ይበሳጫል፤ ይበሳጭ።

ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ፣ መገናኛ፦ የቨርጂኒያው ወንድሜ፣ የአንተ ማስረጃ የቆመው በአድራሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቤት ቁጥር ብቻ ማን ቤት ያገኛል? ፖስታ እንኳ የሚገባው ሣጥን ውስጥ ነው። የእኛ አድራሻ «ከታክሲ ስትወርድ ሰማያዊው በር» ነው። «ሰማያዊው በር ጋ ደርሷል» ብሎ የሚመዘግብ መከታተያ ከየት ይመጣል? እኛ ዘንድ ሰው የሚገኘው በስልክ ቁጥሩ ነው። ስለዚህ ማስረጃውም ከስልኩ ጋር መያያዝ አለበት። የርክክብ ቁጥሩን የምደግፈው ለዚህ ነው።

ልብስ ሻጭ፣ ሽሮ ሜዳ፦ ቁጥር ከምንለው ሞተረኛው ለምን ፎቶ አያነሳም? ገዢዋ ዕቃውን ይዛ በሯ ላይ። አለቀ።

ገዢ፣ ጎሮ፦ አላለቀም! እኔ ሴት ነኝ፣ ብቻዬን ነው የምኖረው። የማላውቀው ሰው ፊቴንና በሬን በስልኩ ይዞ እንዲሄድ አልፈልግም። ከሻጭ ጋር የተጣላች ልጅ ፎቶዋ «አጭበርባሪ» ተብሎ ቻናል ላይ ሲለጠፍም አይቻለሁ። ዕቃው በእውነት ያልደረሳት ቢሆንስ? ቁጥር ጠይቁኝ፣ አስፈርሙኝ፣ እሺ። ፊቴን ግን አይሆንም።

ጠበቃ፦ ልክ ናት። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የደንበኛ ፎቶና ስልክ እንደፈለጉ የሚበትኑት ነገር አይደለም። ስም ያጠፋ ሻጭ በአንድ ቀሚስ ተበዳይ የነበረ ቢሆን እንኳ ተከሳሽ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ፎቶ ካስፈለገ የዕቃውን አንሱ፦ ሲታሸግ፣ ሞተረኛው ሲረከብ፣ ገዢ ከፍቶ ሲያይ። የሰው ፊት አያስፈልግም።

ጫማ ሻጭ፣ መርካቶ፦ ሁላችሁም ስለ አዲስ አበባ ነው የምታወሩት። እኔ ወደ ሐዋሳና ደሴ በአውቶቡስ ነው የምልከው። ረዳቱ ኤስኤምኤስ ሲያነብና ቁጥር ሲጠይቅ ይታያችሁ! እኔ የማደርገው የመኪናውን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ለገዢው መላክ ነው። «አውቶቡስ እስኪሳፈር የእኔ፣ ከዚያ ወዲህ የአንተ ኃላፊነት ነው» ብዬም አስቀድሜ በጽሑፍ እነግረዋለሁ። ካልተስማማ አልሸጥለትም።

ገዢ፣ አያት፦ ይሄኛው ቢያንስ ሳልከፍል ነው የሚነግረኝ። ከጠፋ በኋላ «ደንባችን እንዲህ ነው» ከሚሉኝ ይሻላል።

አወያይ፦ እንግዲህ እኔም አቋሜን ልናገር። ሻጭ ማስረጃውን ይያዝ የሚለው ሕግ ፍትሐዊ ነው። ዕቃውን ማን እንደሚያመጣ፣ በየት በኩል እንደሚመጣ የሚመርጠው እሱ ስለሆነ። ቁጥሩን እደግፋለሁ፤ ግን ሞተረኛው ያነሳው ጥያቄ ካልተመለሰ ቁጥሩ ብቻውን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ ሁለት ነገር ይጨመር። አንደኛ፣ ገዢ ካርቶኑን ከፍቶ ሳያይ ቁጥር አይጠየቅ። ሁለተኛ፣ «ለጥበቃው ስጠው» የሚል ገዢ ይህንን ከራሱ ስልክ በጽሑፍ ይላክ፤ ዕቃው ተከፍቶ ሳይታይ እንደሚሰጥም አስቀድሞ ይነገረው። የስልክ ጥሪ አይበቃም። ጽሑፍ ካልላከ ዕቃው ወደ ሱቅ ይመለስ፣ የመመለሻውንም ገዢ ይክፈል።

ገዢ፣ ጎሮ፦ ተስማምቻለሁ። የመመለሻው ዋጋ ግን ከመግዛቴ በፊት ይነገረኝ።

ሞተረኛ፦ እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቀው። ገዢው በጽሑፍ አዞኝ ለጥበቃ ሰጥቼ ዕቃው ቢጠፋ ከሒሳቤ ይቆረጣል?

ኤሌክትሮኒክስ ሻጭ፣ መገናኛ፦ ከእኔ በኩል አይቆረጥም። መልእክቱን ለእኔ አስተላልፍልኝ፣ ከገዢው ጋር የምጨርሰው እኔ ነኝ።

ልብስ ሻጭ፣ ሽሮ ሜዳ፦ እኔ በዚህ ገና አልተስማማሁም። ለጥበቃ የሚሰጥ ቀሚስ የለኝም። ራሷ ካልተረከበች ይመለስልኝ፣ በሌላ ቀን እልከዋለሁ።

ሞተረኛ፦ ያም ቢሆን ይሻለኛል። ብቻ ከመነሳቴ በፊት ይነገረኝ።