ለጀማሪዎች ስልጠና የጋራ ዕቅድ፦ ከደብዛዛ ካርታ የፕሮቲንና የዲኤንኤ ሞዴል ማጥራት

አስተባባሪዋ፦
ውድ አባላት፣ ሥራችን ክሪስታል በኤክስሬይ ተለክቶ ከሚሰላው የኤሌክትሮን ካርታ የአቶሞቹን ቦታ የሚያሳይ ሞዴል ማጥራት ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሦስት ቀን፣ ሦስት ሶፍትዌር» ይላል፦ ሞዴልን በስሌት ለማጥራት ፌኒክስና ሬፍማክ፣ በእጅ ለማስተካከል ኩት። ጥራታቸው ከ3 አንግስትሮም በማይሻል ልኬቶች (ቁጥሩ ሲያንስ ካርታው ይጠራል) ብቻ እንወሰን የሚል ሐሳብም ቀርቧል። እባካችሁ ሳታመነቱ ተቹት።

ጀማሪ አባል፦
የእኔ ክሪስታል 3.6 አንግስትሮም ላይ ቆሟል። ፕሮቲኑ ቦታውን ይዟል፤ ዲኤንኤው ግን እንደ ተጠመዘዘ ወፍራም ገመድ ነው የሚታየኝ፣ ቤዞቹ (የዲኤንኤው ፊደላት) እርስ በርሳቸው ቀልጠዋል። የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ ከመመሪያው አነባለሁ። የቸገረኝ የትኛውን መንካት እንደሌለብኝ ነው።

አንጋፋው አባል፦
እንግዲያው ሦስቱን ሶፍትዌር ወደ አንድ እናውርዳቸው፤ የመጀመሪያው ቀንም በወረቀትና በእርሳስ ይጀመር። እያንዳንዱ አቶም አራት ቁጥር ይጠይቃል፦ ሦስት ለቦታው፣ አንድ ለመዋለሉ። ከአንድ ዓይነት ክሪስታል 1.8 አንግስትሮም ድረስ ሲለካ ከሚገኙት ነጸብራቆች (ክሪስታሉ የሚበትናቸው የኤክስሬይ ነጥቦች) 3.6 ላይ የሚቀረው አንድ ስምንተኛው ገደማ ነው። የጎደለውን ከኬሚስትሪ መበደር ግድ ይላል፤ አቶሞችን በታወቁ ርቀቶችና ማዕዘኖች «ማሰር» የምንለው ይህንን ነው። እኔ በጀማሪነቴ ይህን ንቄ ለየአቶሙ ሙሉ ነጻነት ሰጠሁ፤ አር-ወርክ (ሞዴሉ ከተጠራበት ልኬት ጋር ያለው ልዩነት) ሲወርድ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፣ አር-ፍሪ (ለፈተና ተለይቶ ከተቀመጠው ልኬት ጋር ያለው ልዩነት) ግን ከቦታው አልነቃነቅ አለ። ስድስት ሳምንት የደከምኩት ስሕተትን ለማስዋብ ነበር።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጻፍ፦ መጀመሪያ ፕሮቲኑና ዲኤንኤው እንደ ግትር አካል ለየብቻ ይንቀሳቀሱ፤ ቀጥሎ መዋለሉ በቡድን ይሰላ፤ አቶሞቹ በመጨረሻ፣ ያውም ታስረው። በዲኤንኤው በኩል የቤዞቹ ጥንድነትና መደራረብ ይታሰር፤ የጥምዙ አጠቃላይ ቅርጽ ግን አይታሰር። ታታ ሳጥን የሚባለውን የዲኤንኤ ክፍል የሚይዘው ፕሮቲን ዲኤንኤን ወደ 80 ዲግሪ ያጎብጠዋል፤ ቀጥ ያለ ቅርጽ አስገድደን ብንሰጠው የምንፈልገውን ነገር በገዛ እጃችን እናጠፋዋለን።

የመረጃ ኮሚቴ አባል፦
በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨመር። አር-ፍሪ ከ1992 ጀምሮ የሚያገለግለን ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ነጸብራቆች ለብቻ ስለሚቀመጡ ነው። መነሻው ሞዴል ከዚያው የክሪስታል ዓይነት ከመጣ የተለዩት ነጸብራቆች አብረው ይምጡ እንጂ እንደ አዲስ ዕጣ አይጣል። ሁለተኛ፣ የራማቻንድራን ሥዕልን (የፕሮቲን ሰንሰለት ማዕዘኖች ተገቢ መሆናቸውን የሚያሳየውን) ለማሰሪያነት የተጠቀመ ሰው መልሶ በምስክርነት አይጥራው።

ሌላ አባል፦
ሁሉም መልካም ነው፤ ትልቁ ወጥመድ ግን በረቂቁ የለም። በክሪስታሉ ውስጥ የአንዱ ዲኤንኤ ጫፍ ብዙ ጊዜ በሌላው ጫፍ ላይ ይደረደርና ማለቂያ የሌለው ገመድ ይመስላል። ከአንዱ ጥንድ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 3.4 አንግስትሮም ያህል ነው። የቤዞቹን ቅደም ተከተል በአንድ ጥንድ ብታንሸራትቱት፣ ወይም ዲኤንኤውን ዳር ለዳር ብትገለብጡት፣ የፎስፌቱ መስመር (የዲኤንኤው ጀርባ አጥንት) ያው ካርታ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ አር-ፍሪም እምብዛም ላይቆጣ ይችላል። አንባቢው ግን የሚጠይቀው የፕሮቲኑ አሚኖ አሲድ፣ ለምሳሌ አርጂኒኑ፣ የትኛውን ቤዝ እንደነካ ነው! ለሰልጣኞች ሁለት ሞዴል እንስጥ፣ አንዱ የተንሸራተተ፤ የትኛው እንደሆነ ግን አይጻፍበት።

ጀማሪ አባል፦
በምን ይለዩታል?

ሌላ አባል፦
አስተማማኙ መንገድ ከክሪስታሉ በፊት ይጀምራል፦ በታይሚን ቦታ ብሮሚን ወይም አዮዲን የተሸከመ ዩራሲል አስገብቶ ክሪስታሉን ማብቀል። ከባዱ አቶም በልዩ የኤክስሬይ ልኬት ጉልህ ምልክት ሆኖ ይወጣል፣ ቤዙንም ይጠቁማል። ይህ የሌለው ሰው ሁለቱንም አማራጭ አጥርቶ ያወዳድር። ካልለየለት አልለየም ብሎ ይጻፍ፤ ነውር የለበትም።

አንጋፋው አባል፦
እስማማለሁ። ሁለተኛው ቀን ሙሉ ለዚህ ይሁን፤ ውሃ ሞለኪውል መጨመር የሚለው ክፍለ ጊዜም ይሰረዝ። በዚህ ጥራት የሚጨመር ውሃ ከካርታው ሳይሆን ከምኞት ነው የሚቀዳው።

አስተባባሪዋ፦
ረቂቁ እንዲህ ተሻሽሏል፦ አንድ ሶፍትዌር፣ ከኩት ጋር፤ የመጀመሪያው ቀን ለስሌቱና ለማሰሪያው፣ ሁለተኛው ለተንሸራተተው ዲኤንኤ፣ ሦስተኛው ሰልጣኞች በራሳቸው ልኬት እንዲሠሩ። የበጀቱ አንቀጽ እንዳለ ይቆያል። ሁለቱን ሞዴል የሚያዘጋጅ ፈቃደኛ እፈልጋለሁ፤ መልሱን ግን ለእኔም እንዳይነግረኝ፣ ከሰልጣኞቹ ጋር ልፈተን።