የአክሪዲቴሽን ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው፤ መምህራኑን እንዴት እናዘጋጅ?

ጤና ይስጥልኝ። ለአክሪዲቴሽን (ፕሮግራሙ የጥራት መስፈርት ማሟላቱን ለሚያረጋግጠው ዕውቅና) የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራማችንን የሚገመግሙ ባለሙያዎች በቅርቡ ይመጣሉ። የራስ ግምገማ ሰነዱ ገብቷል፤ የቸገረን የመምህራኑ ዝግጅት ነው። ሰነዱ «ማንኛውም ፈተና ከመሰጠቱ በፊት በሌላ መምህር ይታያል» ይላል፤ መምህራኑ ለየብቻ ሲጠየቁ ግን ግማሾቹ «ጊዜ ሲኖር ነው» ይላሉ። ገምጋሚ የሚይዘው ይህንኑ ነው፤ ሰነዱ፣ የመምህራኑ ቃልና የኮርሱ ፋይል ካልገጠሙ ሌላውንም መጠራጠር ይጀምራል።

በየኮርሱ ፋይል ኮርስ አውትላይን (የኮርሱ ይዘትና ዕቅድ)፣ ፈተናው ከነመልሱ፣ እንዲሁም ከፍተኛ፣ መካከለኛና ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ተማሪዎች የታረሙ ወረቀቶች ተካትተዋል። የጎደለው የተማሪዎች አስተያየት ተሰብስቦ ምን እንደተለወጠ የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ነው። አሁን ጽፈን የድሮ ቀን እንስጠው የሚሉ አሉ (እሱን አንነካውም)።

የሙከራ ቃለ መጠይቅ ያደረጋችሁ፣ ጠያቂው ከሌላ ትምህርት ክፍል ቢሆን ይሻላል ወይስ ከጥራት ማረጋገጫ ቢሮ? በጉብኝቱ ቀን ሌላ ሥራ ላይ የሚሆኑ የትርፍ ሰዓት መምህራንንስ እንዴት አደረጋችሁ? የቃለ ጉባኤውን ክፍተት ከነማሻሻያ ዕቅዱ ቀድመን እንናገር ወይስ እስኪጠይቁ እንጠብቅ? ሽምደዳም ያሰጋኛል፤ አምስት መምህር አንድ ዓረፍተ ነገር ሲደግም ያስታውቃል።