የከሰል ማዕድን ሲዘጋ ሒሳቡን ማን ይክፈል?

የመከራከሪያ ጥያቄ፦ ለአረንጓዴ ሽግግር (ከከሰል ወደ ንጹሕ ኃይል ለመሻገር) የሚወጣው ገንዘብ በማዕከላዊ መንግሥት እጅ ይሁን ወይስ በክልሎች?

ሀ፦ እኔ በማዕከል እጅ ይሁን ባይ ነኝ። ከሰል ይብቃ ብሎ ሕግ የሚያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ይክፈል፤ የከፈለውንም ይቆጣጠር። ጀርመንን እዩ። በ2020 በወጣው ሕግ ለከሰል አካባቢዎች እስከ 2038 ድረስ የሚወጣ እስከ 40 ቢሊዮን ዩሮ ተመደበ። 26 ቢሊዮኑን ሥራ ላይ የሚያውለው ፌዴራል መንግሥቱ ራሱ ነው። የከሰል አካባቢ በሆነችው በኮትቡስ ከተማ በ2024 የተከፈተው የፈጣን ባቡሮች መጠገኛ በዚሁ ገንዘብ የመጣ ነው። አንድ ክልል ብቻውን ይህን ከየት ያመጣል?

ለ፦ 14 ቢሊዮኑን ለምን ዘለልከው ወንድሜ? እሱ ለክልሎች የሚሄድ ነው፤ ፕሮጀክቱን የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። ግን ቢያንስ 10 በመቶ ከራሳቸው መጨመር አለባቸው። አስቡት፤ ማዕድኑ ሲዘጋ የከተማው ግብር ይቀንሳል፣ ወጣቱ ይሰደዳል። ካዝናው በሳሳበት ሰዓት ነው መዋጮ አምጣ የሚባለው። ሀብታሙ ከተማ በቀላሉ ያዋጣል። ደሃው ፕሮጀክቱን ለማስጠናት እንኳ ባለሙያ የለውም። በጣም ያናድደኛል!

ሀ፦ ልክ ነሽ፣ ይከብዳል። ግን ምንም ያላዋጣ ክልል ለገንዘቡ አይሳሳም።

ሐ፦ እኔ ደግሞ ወደ ፖላንድ ልውሰዳችሁ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2021 እስከ 2027 የሚሠራ፣ ከከሰል ለሚላቀቁ አካባቢዎች ገንዘብ የሚሰጥ የፍትሐዊ ሽግግር ፈንድ አለው። የፖላንድ መንግሥት ግን የቱሩቭን የከሰል ማዕድን ፈቃድ እስከ 2044 አራዘመ። የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል የሆነው የአውሮፓ ኮሚሽንም ሽግግር በሌለበት ገንዘብ የለም አለ። ማዕድኑ ያለበት የዝጎዠሌትስ አካባቢ ከፈንዱ ውጭ ቀረ። ወሳኙ ዋርሶ፣ ተቀጪው ዝጎዠሌትስ!

ለ፦ ይኸው! ገንዘቡን ማዕከል ይዞት ክልሉ ምን አተረፈ?

ሀ፦ ቆይ እህቴ። የማዕድኑ ሠራተኞችም እንዲቀጥል ሲታገሉ ነበር። ውሳኔው በክልል እጅ ቢሆን ኖሮ ሌላ ይሆን ነበር?

ሐ፦ ላይሆን ይችላል። ለዚህ ነው የመዝጊያው ቀን በአገር ደረጃ በሕግ ይታሰር የምለው። ዋናውን ገንዘብም ማዕከል ያምጣ። ምን ይሠራበት የሚለውን ግን እዚያው የሚኖረው ሕዝብ ይወስን። መዋጮው እንደየአቅም ይሁን፤ ምንም ለሌለው ከተማ ዜሮ ይሁን። ባለሙያም አብሮ ይላክለት።

ለ፦ ዜሮ ከሆነ ተስማምቻለሁ።

ሀ፦ እኔም በመዋጮው እስማማለሁ። ኦዲቱን ግን ለክልል አልሰጥም።