ከፐርሴፖሊስ እስከ ኢስፋሃን፦ የምሰሶዎቹ ዝምድና እውነት ነውን?

መንገደኛው (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። በቅርቡ በሥራ ምክንያት ወደ ኢራን ሄጄ ነበር፤ ጉዳዬ ቀድሞ ስላለቀልኝም በተረፉኝ ሦስት ቀናት ሺራዝንና ኢስፋሃንን ለማየት በቃሁ። ከሺራዝ ተነሥተን ወደ ሰሜን ምሥራቅ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄድን በኋላ የጥንት የፋርስ ነገሥታት ከተማ ወደነበረችው ወደ ፐርሴፖሊስ ደረስን። ወደ ላይኛው መደብ የሚያወጣው ታላቁ ደረጃ 111 እርከኖች ቢኖሩትም የእያንዳንዱ እርከን ከፍታ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ትንፋሽ ሳያጥረኝ ወጣሁት። ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። ግድግዳ የሌላቸው የድንጋይ በሮችና መስኮቶች ሜዳ ላይ ብቻቸውን ተገትረዋል፤ አፓዳና ከሚባለው የፋርስ ንጉሥ የዳርዮስ አዳራሽ 72 ምሰሶዎችም ዛሬ ቆመው የሚታዩት 13 ያህሉ ናቸው።

ኢስፋሃን ውስጥ ደግሞ ቼሄል ሶቱን፣ ማለትም «አርባ ምሰሶ» የሚባለውን ቤተ መንግሥት ጎበኘን። በረንዳውን የተሸከሙት የእንጨት ምሰሶዎች 20 ናቸው፤ አስጎብኛችን እንደነገረን አርባ የሚሞሉት ፊት ለፊት ባለው ረጅም ገንዳ ውኃ ውስጥ ከሚታየው ጥላቸው ጋር ሲቆጠሩ ነው። ቀጥሎም «ይህ ቤት የፐርሴፖሊስ ልጅ ነው» አለን። የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይህ አባባል በእርግጥ የሕንፃ ታሪክ ነው ወይስ እንግዳን ደስ ለማሰኘት የሚነገር ጨዋታ የሚል ነው።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ወደ እኛ ይቀርባል። በአፓዳና ምሥራቃዊ ደረጃ ላይ ለንጉሡ ስጦታ ይዘው የሚመጡ 23 የሕዝብ መልእክተኞች ተቀርጸዋል። አስጎብኛችን የመጨረሻዎቹን ሦስት ሰዎች በጣቱ እያሳየ «እነዚህ የእናንተ ሰዎች ናቸው» አለኝ። እውነት ነውን? እዚያው እንዳልጠይቅ የተሰጠን ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ ነበር፤ የቡድናችን መሪም ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ ያቻኩለን ነበር።

ግንበኛው፦

ሁለተኛውን ጥያቄ ታሪክ ለሚያውቁ እተወውና ሙያዬ ስለሆነው ስለ መጀመሪያው ልናገር።

በቅድሚያ ግራ ስላጋቡዎት በሮች። ፐርሴፖሊስ ሙሉ በሙሉ የድንጋይ ከተማ አልነበረም። ከድንጋይ የተሠሩት መደቡ፣ ደረጃዎቹ፣ ምሰሶዎቹ፣ የበሩና የመስኮቱ ክፈፎች ሲሆኑ ግድግዳው በፀሐይ የደረቀ የጭቃ ጡብ፣ ጣሪያው ደግሞ የእንጨት ወጋግራ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 የታላቁ እስክንድር ሠራዊት ከተማውን ሲያቃጥል ጣሪያው ነደደ፤ ጭቃውም ክዳኑን ካጣ በኋላ ዝናብና ዘመን እየሸረሸሩት ወደ አፈርነቱ ተመለሰ። ስለዚህ እርስዎ ያዩት የሕንፃውን አጥንት ነው፤ ሥጋው የለም።

ምሰሶዎቹን ለመረዳትም ጣሪያው እንጨት እንደነበረ ማሰብ ያስፈልጋል። ድንጋይ ሲጫኑት ብርቱ ነው፣ አግድም ሲያጋድሙትና መሐሉ ላይ ሲከብዱት ግን ይሰበራል፤ በዚህ ምክንያት በድንጋይ ወጋግራ የሚሠራ ሰው ምሰሶዎቹን ማቀራረብ ግድ ይሆንበታል። በአቴና ፓርተኖን በጎን ረድፍ ከአንዱ ምሰሶ መሐል እስከ ሌላው መሐል ያለው ርቀት 4 ሜትር ከግማሽ አይሞላም። በአፓዳና ግን ርቀቱ ከ8 ሜትር ይበልጣል፤ የምሰሶዎቹ ቁመትም ወደ 20 ሜትር ይጠጋል። ይህን ያህል ክፍት ቦታ የተገኘው ረጃጅም የዝግባ ግንዶች ከሊባኖስ ድረስ ስለመጡ ነው። በምሰሶው ጫፍ ላይ የተቀመጡት ጀርባ ለጀርባ የተጣበቁ ሁለት ኮርማዎችም ለጌጥ ብቻ የተቀረጹ አይደሉም፤ በሁለቱ አንገቶች መካከል ያለው ጎድጓዳ ቦታ ወጋግራው ኮርቻ ላይ እንደተቀመጠ ሰው የሚቀመጥበት ነው። እኔ በበኩሌ በዘመኑ ከተሠሩት የምሰሶ ጫፎች ሁሉ ይህን ያህል ሥራንና ውበትን ያገናኘ አላውቅም።

አሁን ወደ ዝምድናው ልመለስ። ፐርሴፖሊስ የተጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ518 ገደማ ሲሆን ቼሄል ሶቱን የተፈጸመው በሻህ (ማለትም በንጉሥ) አባስ ሁለተኛ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1647 ነው። በመካከላቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለ፤ በዚያም ጊዜ ውስጥ የፋርስ ግንበኞች ልባቸውን የሰጡት ለምሰሶ ሳይሆን ለቅስትና ለጉልላት ነበር። ፋርስን የገዛው የሳሳኒድ ሥርወ መንግሥት መሥራች አርደሺር በ3ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከሺራዝ በስተ ደቡብ በፊሩዛባድ ባሠራው ቤተ መንግሥት ክብ ጉልላት በአራት ማዕዘን ክፍል ላይ ተደፍቶ ይታያል፤ ይህ የተቻለው በየማዕዘኑ ትንሽ ቅስት እየተሠራ አራቱ ጎን ወደ ስምንት፣ ስምንቱም ወደ ክብ እንዲጠጋ በማድረግ ነው። ዛሬ ኢራቅ ውስጥ በባግዳድ አቅራቢያ ያለው የክቴሲፎን ቅስትም 25 ሜትር የሚያህል ስፋት ያለ አንድ ምሰሶ በጡብ ብቻ ይሸፍናል። የኢስፋሃን የዓርብ መስጊድ ጉልላቶችም የዚሁ ሐረግ ልጆች ናቸው።

የቼሄል ሶቱን ዓይነቱ ሦስት ጎኑ ክፍት የሆነ፣ በቀጫጭን የእንጨት ምሰሶዎች የተደገፈ በረንዳ በፋርስኛ ታላር ይባላል። ታላር ከአትክልት ሥፍራና ከውኃ ጋር የተቆራኘ የነፋስ መቀበያ ቤት ሲሆን ምሰሶዎቹ የኮርማ ራስ የላቸውም፤ ጫፋቸው የንብ ቀፎ በሚመስል የእንጨት ሥራ ያጌጠ ነው። በእኔ ግምት ከእንጨት ቤት በረንዳ ያደገ ነው እንጂ ከፐርሴፖሊስ የተቀዳ አይደለም። «ልጅ» የሚለው ቃል ስለዚህ ይበዛበታል።

የብራና ወዳጅ፦

እኔ ሁለተኛውን ጥያቄ ልያዝ። አስጎብኛችሁ ያሳየዎት ቡድን በተለምዶ «የኢትዮጵያውያን» እየተባለ የሚጠራው ነው። ፀጉራቸው የተጠቀለለ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ክዳን ያለው ዕቃ ይዟል፤ ሌላው የዝሆን ጥርስ በትከሻው ተሸክሞ አንድ እንስሳ ይጎትታል። ስለ እንስሳው ማንነት ሊቃውንቱ አልተስማሙም፤ ቀጭኔ ነው የሚሉ አሉ፣ በኮንጎ ደን የሚኖረው ኦካፒ ነው የሚሉም አሉ። ልብ ሊሉት የሚገባው በደረጃው ላይ ከየቡድኑ አጠገብ የሕዝቡ ስም አለመጻፉን ነው። ስያሜው የተገኘው በአቅራቢያው በናቅሽ ኢ ሩስታምና በዚያው በፐርሴፖሊስ ተራራ ላይ በተፈለፈሉት የነገሥታት መቃብሮች ዙፋን ተሸክመው ከሚታዩት ሕዝቦች ጋር በማነጻጸር ነው፤ ከመቃብሮቹ በአንዳንዶቹ የየሕዝቡ ስም ተጽፏልና። በዚያ ጽሑፍ ያለው የጥንት ፋርስኛ ቃል «ኩሺያ» ነው።

ኩሽ ደግሞ በዚያን ጊዜ ማእከሉ ናፓታና ሜሮዌ የነበረው፣ በዛሬዋ ሱዳን የሚገኘው መንግሥት ነው። ግሪኮች ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን ጥቁር ሕዝብ ሁሉ «ኢትዮጵያውያን» ይሉ ስለነበር የዕብራይስጡ «ኩሽ» በግሪኩ ትርጉም «ኢትዮጵያ» ሆነ፤ የግእዙና የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስም ይህንኑ ተከትሏል። በመጽሐፈ አስቴር መጀመሪያ በሱሳ ግንብ የነገሠው ንጉሥ ግዛት ከህንድ እስከ ኢትዮጵያ እንደነበረ የምናነበው ከዚህ የተነሣ ነው። በልጅነታችን ያንን ስንሰማ ኩራት ይሰማን ነበር፤ ቃሉ የተሸከመው ታሪክ ግን ይህ ነው። በዚያው ዘመን በትግራይ ምድር የየሐ ቤተ መቅደስ ቆሞ ነበር፤ የየሐ ሰዎች ለፋርስ ንጉሥ ግብር ያመጡ እንደነበር የሚናገር ጽሑፍ ግን የለም።

የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ከግብፅ ጋር የሚዋሰኑት «ኢትዮጵያውያን» መደበኛ ግብር አልተጣለባቸውም፤ በየሦስተኛው ዓመት ያልተጣራ ወርቅ፣ 200 የዞጲ ግንድ፣ 20 የዝሆን ጥርስና አምስት ወንዶች ልጆች ስጦታ ብለው ይወስዱ ነበር። ልጆቹን በ«ስጦታ» ዝርዝር ውስጥ ሳነብ የደረጃው ሥዕል ሰላማዊነት ይደበዝዝብኛል።

የዝሆን ጥርሱ የት እንደገባ የሚነግረን ደግሞ ዳርዮስ ራሱ ነው። በሱሳ ስላሠራው ቤተ መንግሥት ባስቀረጸው ጽሑፍ የዝሆን ጥርሱ ከኩሽ፣ ከህንድና በዛሬዋ አፍጋኒስታን ካለችው ከአራኮሲያ፣ ወርቁ በዛሬዋ ቱርክ ካለችው ከሰርዴስና ከመካከለኛው እስያዋ ከባክትሪያ እንደመጣ፣ ድንጋዩን የጠረቡት የኢዮንያና የሰርዴስ ሰዎች፣ ጡቡን የሠሩት ባቢሎናውያን፣ ወርቁን ያነጠሩት ደግሞ ሜዶናውያንና ግብፃውያን እንደነበሩ ይዘረዝራል። እንዲህ ከሆነ «የፋርስ ሥነ ሕንፃ» የምንለው ከመነሻው የብዙ ሕዝብ እጅ ያለበት ነው። በፐርሴፖሊስም እ.ኤ.አ. በ1933 የተገኙት፣ አብዛኞቹ በኤላም ቋንቋ የተጻፉት በሺዎች የሚቆጠሩ የሸክላ ሰሌዳዎች ከየአገሩ ለመጡ ሠራተኞች የተሰፈረውን ገብስና ወይን ይመዘግባሉ፤ ለወለዱ ሴቶች የሚጨመር ልዩ ቀለብም ነበር፤ ወንድ ልጅ የወለደች እናት ሴት ልጅ ከወለደች እናት እጥፍ ታገኝ ነበር።

መንገደኛው፦

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ኩሽ የተሰጠው መልስ ትንሽ ቢያሳዝነኝም አሳምኖኛል። ግንበኛው ግን አንድ ነገር ያስረዱኝ፦ ዝምድና ከሌለ ሁለቱም ቦታዎች በምሰሶ ብዛት መታወቃቸው እንዲያው የአጋጣሚ ነገር ነውን?

የፋርስኛ ተማሪ፦

ይቅርታ ይደረግልኝና ግንበኛው ስለ አሠራሩ የተናገሩት ትክክል ሆኖ ሳለ ነገሩን የዘጉት ቶሎ ይመስለኛል። በፋርስኛ «ቼሄል» ማለት አርባ ቢሆንም ብዙ ለማለትም ያገለግላል፤ እኛም አርባ ምንጭ ስንል አንድ ሁለት ብለን የቆጠርነው ምንጭ የለም። የውኃው ውስጥ ጥላ ማብራሪያ ውብ ቢሆንም ስሙ ያለ እርሱም ይቆማል።

ከዚህ የሚበልጠው ሌላ ነው። ዛሬ ኢራናውያን ፐርሴፖሊስን «ታኽት ኢ ጃምሺድ»፣ የአፈ ታሪኩ ንጉሥ የጃምሺድ ዙፋን፣ ይሉታል፤ ቼሄል ሶቱንን ባሠሩት በሳፋቪድ ነገሥታት ዘመን ግን ፍርስራሹ «ቼሄል ሚናር»፣ አርባ ሚናሬት፣ ይባል ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጡ አውሮፓውያን ተጓዦች በዚሁ ስም መዝግበውታል፤ ከእነርሱም አንዱ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ዴላ ቫሌ እ.ኤ.አ. በ1621 ከዚያ የሽብልቅ ቅርጽ ካላቸው ፊደላት ጥቂቶቹን ቀድቶ ወስዷል። እንግዲህ በኢስፋሃን አርባ ምሰሶ የተባለው ቤት ሲሠራ፣ አርባ ሚናሬት የተባለ የቀደሙ ነገሥታት ፍርስራሽ በሀገሪቱ የታወቀ ነበር። ከዚህ ተነሥቼ ግንበኞቹ ቀድተዋል አልልም፤ ነገር ግን ስሙን የሰማ የዘመኑ ሰው ያኛውን አያስታውስም ነበር ለማለት ይከብደኛል።

የሚያገናኛቸው ሌላው ነገር ሥራቸው ነው። አፓዳናም ቼሄል ሶቱንም የመኖሪያ ቤት አልነበሩም፤ እንግዳ የሚቀበሉባቸው ነበሩ። በአፓዳና ደረጃ ላይ ሕዝቦች ወደ ንጉሡ ሲቀርቡ ተቀርጿል፤ በቼሄል ሶቱን አዳራሽ ግድግዳም ሻህ ታህማስብ ከዙፋኑ ተሰድዶ የመጣውን የህንዱን ንጉሥ ሁማዩንን ሲያስተናግድ፣ ሻህ አባስ ቀዳማዊም የኡዝቤኩን ገዢ ሲቀበል ተሥሏል። መልእክተኛው ገና ሳይናገር ከእርሱ በፊት የመጡት እንዴት እንደቀረቡ ያያል። ይህን ልማድ የዘመናችን ገዢዎችም አልተዉትም፤ የኢራኑ ሻህ የመንግሥቱን 2,500ኛ ዓመት ለማክበር በጥቅምት 1964 ዓ.ም. በፐርሴፖሊስ ፍርስራሽ ሥር ድንኳን አስተክሎ የዓለምን መሪዎች ሲጠራ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከተጋባዦቹ መካከል ነበሩ።

ግንበኛው፦

ስለ ስሙ የተነገረው ለእኔ አዲስ ነው፤ ተቀብያለሁ። «ልጅ» የሚለውን አሁንም አልቀበልም፤ «የክርስትና ልጅ» ቢሉት ግን አልከራከርም። መንገደኛው ፎቶ ካነሡ የበረንዳውን የመሐል ምሰሶዎች ግርጌ ይመልከቱልኝ፤ አራቱ በድንጋይ አንበሶች ላይ መቆማቸውን አንብቤአለሁ እንጂ በዓይኔ አላየሁም።

መንገደኛው፦

ፎቶዎቹን አሁን ከፍቼ አየኋቸው። አንበሶቹ አሉ፤ አፋቸው ወደ መሐል ወዳለው ትንሽ ገንዳ ዞሯል፤ እኔ በቦታው ሳለሁ ጣሪያ ጣሪያውን ስመለከት አላስተዋልኳቸውም። የፐርሴፖሊሱንም ሥዕል አጉልቼ ተመለከትኩት። ከሦስቱ ሰዎች ፊት አንድ የቤተ መንግሥት አስተናጋጅ አለ፤ የመጀመሪያውን ሰው እጅ በእጁ ይዞ ወደ ፊት ይመራዋል። የዝሆን ጥርሱን የተሸከመው የመጨረሻው ነው፤ ከእርሱ ኋላ ማንም የለም፤ ደረጃው ያልቃል።