ዋይፋዩ ማታ ማታ እልም ይላል፤ ከምን ልጀምር?

ፊደል አስተማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፣ እኔና እናቴ። ኢንተርኔቱ ፋይበር ነው፣ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ቀን ቀን ምንም አይልም። ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ ግን ድንገት እልም ይላል። አራት አምስት ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ራሱ ይመለሳል፣ አንዳንዴ በአንድ ምሽት ሦስቴ።

የሚብስብኝ ቅዳሜ ነው። ቨርጂኒያ ለሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች አማርኛ አስተምራለሁ። እዚህ ሲመሽ እነሱ ጋ ረፋድ ስለሆነ ሌላ ሰዓት አይመቻቸውም። ባለፈው ትንሹ ልጅ "ጸ"ን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሳሳት ጻፈና ወረቀቱን ወደ ካሜራው ሲያስጠጋ ምስሉ ደረቀ። ስመለስ ልጁ የለም። እናቱ "ጠብቆ ጠብቆ ሄደ" አለችኝ። አንጀቴን በላው።

ሌላው ችግር መኝታ ቤት ውስጥ ሁልጊዜም ይንቀራፈፋል። ራውተሩ ሳሎን ነው ያለው፣ ቡፌው ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ኋላ። አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ፓስወርድ ቀይሬያለሁ፣ ደውዬም "መስመሩ ጤነኛ ነው" ተብያለሁ። ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ ብትመክሩኝ።

አቡሽ 04፦

ሪፒተር (የዋይፋይ ሲግናል ማራዘሚያ) ግዢ እህቴ። እኔ ገዝቼ ተገላግያለሁ፣ መኝታ ቤት ሙሉ ነው አሁን።

ገመድ ዘርጊ፦

ሪፒተሩን ለጊዜው ተዪው። አቡሽ ያለው ለመኝታ ቤቱ ሊሠራ ይችላል፣ ማታ ለሚጠፋው ግን ምንም አይፈይድም። ሪፒተር ያገኘውን ነው የሚደግመው። ከራውተሩ የሚመጣ ከሌለ ምን ይደግማል? ርካሾቹ ደግሞ በዚያው በአንዱ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ስለሚልኩ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስልክሽ ላይ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ቪዲዮው ግን ያው መንቀራፈፉን አይተውም።

ቢሮና ሆቴል ውስጥ ኔትወርክ መዘርጋት ሥራዬ ነው። ሰው ለወራት ሲንገላታ የማየው ብዙ ጊዜ ዋይፋይንና ኢንተርኔትን አንድ አድርጎ ስለሚያያቸው ነው። ዋይፋይ ከራውተሩ እስከ ስልክሽ ያለው አየር ነው። ኢንተርኔቱ በግድግዳው በኩል በገባችው ቀጭን ክር የሚመጣው ነው። አንዱ ሲታመም ሌላውን ብታክሚ አይድንም። የአንቺ ደግሞ ሁለት የተለያየ ችግር ይመስለኛል፣ ለየብቻ ያዣቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ሲጠፋ ስልክሽን ተዪና ሄደሽ የራውተሩን መብራቶች እዪ። "ሎስ" (LOS) የሚለው ቀይ ከበራ ብርሃኑ ከውጭ አልደረሰም ማለት ነው፣ ያኔ ቤት ውስጥ የምትነካኪው ነገር የለም፣ ደውይ። "ፖን" (PON) የሚለው አረንጓዴ ሳይርገበገብ ቆሞ ኢንተርኔት ብቻ ከሌለ ሌላ ነገር ነው። ሁሉም መብራት ጠፍቶ ከሆነ ጉዳዩ የኤሌክትሪክ ነው። ከጠፋ በኋላ ሳይሆን ሲጠፋ ማየት አለብሽ፣ አምስት ደቂቃ ዘግይተሽ ከደረስሽ ሁሉም ደህና ሆኖ ነው የሚጠብቅሽ።

ላፕቶፕ ካለሽ ደግሞ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኚው። ዊንዶውስ ከሆነ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ሁለት ጊዜ ክፈቺ። በአንዱ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ አድርጊ፣ ማለትም ping ብለሽ አድራሻውን አስከትለሽ ጻፊ፣ መልስ ይመጣ እንደሆነ ያሳይሻል፣ አድራሻው ከሥሩ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ ብዙውን ጊዜ በ192.168 ይጀምራል። በሌላው 8.8.8.8ን፣ እሱ የጉግል ነው። መጨረሻው ላይ ሰረዝና "ቲ" ጨምሪበት፣ እስክታስቆሚው ይቀጥላል። ራውተሩ እየመለሰ 8.8.8.8 ዝም ካለ ችግሩ ከቤትሽ ውጭ ነው። በገመድ ሁለቱም ደህና ሆነው ገመዱን ነቅለሽ በዋይፋይ ስትሞክሪ ራውተሩ ራሱ ለመመለስ የሚዘገይ ከሆነ ችግሩ አየሩ ላይ ነው።

አንድ ነገር አደራ፦ የፋይበሩን ጫፍ ነቅለሽ እንዳታዪው። የሚመጣው ሌዘር በዓይን አይታይም፣ ለዓይን ግን ጥሩ አይደለም። ጫፉን በጣት መንካትም ያበላሸዋል።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ የእኔ ቤት ጉለሌ ነው፣ መስመሩም የድሮው የመዳብ ነው። ክረምት በገባ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይቆራረጥብኝ ነበር፣ በጋ ሲሆን ይስተካከላል። ሁለት ራውተር ለውጫለሁ። በኋላ አንድ ወዳጄ የቤት ስልኩን አንስቼ ጆሮዬን እንድጥል ነገረኝ። ባነሳው ከድምፁ ጋር ዘይት ላይ ሽንኩርት እንደተጣደ ሽሽሽ ይላል። ሠራተኛ መጥቶ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለችውን ትንሽ ሳጥን ሲከፍት ሽቦዎቹ የተቋጠሩበት ቦታ አረንጓዴ ሆኗል፣ ውኃ ይገባበታል። ቆርጦ እንደገና ቋጠረውና ሳጥኑን ገጠመው። ያ ሁሉ ወጪ ለአንዲት ቋጠሮ ነበር። ስለዚህ ዕቃ ከመለወጥሽ በፊት መገናኛውን አሳዪ።

ገመድ ዘርጊ፦

አባቴ ትክክል ብለዋል፣ መዳብ ላላቸው ሰዎች ያ ሽሽታ ትልቅ ምልክት ነው። የቤት ስልክና ኢንተርኔት በአንድ መስመር ላይ ላላቸው ደግሞ ስልኩ ላይ የሚሰካው ትንሹ ማጣሪያ ከሌለ ወይም ከተበላሸ ስልክ በተነሳ ቁጥር ኢንተርኔቱ ይወድቃል። የእህታችን ግን ፋይበር ስለሆነ ዝገት አያውቀውም። ፋይበር የሚጎዳው መታጠፍ ነው። ክሩ ከቡፌው ጀርባ ተጨፍልቆ ወይም በኃይል ታጥፎ እንዳይሆን ተመልከቺ።

ፊደል አስተማሪ፦

ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ አባቴ እርስዎንም እግዜር ይስጥልኝ። የሆነውን በዝርዝር ልንገራችሁ።

ትናንት ማታ ወንበር ስቤ ቡፌው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። ስከፍተው መጀመሪያ ያየሁት እማዬ ራውተሩን በዳንቴል ሸፍናዋለች፣ አቧራ እንዳይነካው ብላ። አነሳሁት፣ ራውተሩ ይፋጃል። 1 ሰዓት ገደማ ላይ ከወጥ ቤት በኩል "ቀጭ" የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ያኔውኑ የራውተሩ መብራቶች በሙሉ ጠፉ። ቀይ የለም፣ አረንጓዴ የለም። የሳሎኑ አምፖል ግን በርቷል፣ ፈዘዝ ብሎ። ለዚህ ነው መብራት የጠፋ የማይመስለን።

ሽቦውን እየተከተልኩ ሄድኩ። የራውተሩ ሽቦ ከቡፌው ኋላ ወርዶ ዲቫይደር ውስጥ ይገባል። ዲቫይደሩ በግድግዳው ሥር ዞሮ ወጥ ቤት ገብቶ የፍሪጁ ስታቢላይዘር ላይ ተሰክቷል! ሳሎን ያለው ሶኬት ከተበላሸ ቆይቷል፣ ያኔ ለጊዜው ብለን ያደረግነው ነው። እማዬ ቅዳሜ ማታ እንጀራ ትጋግራለች፣ ጎረቤቶችም እንደዚያው፣ ሌላውም ቀን ማታ ማታ ምድጃ የማይጥድ የለም።

ይሄ ይሆን?

ገመድ ዘርጊ፦

ራሱ ነው! ጎበዝ፣ ሽቦ ተከትሎ መሄድ ብዙ ሰው የሚሰንፍበት ሥራ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3 ኪሎዋትና ከዚያ በላይ ይስባል። ፎቁ በሙሉ ሲጥድ 220 መሆን ያለበት ቮልት ይወርዳል። የፍሪጁ መከላከያ፣ ማለትም ስታቢላይዘሩ፣ ቮልቱ ከልኩ በታች ሲወርድ ይቆርጣል፣ ሞተሩ እንዳይቃጠል። ቮልቱ ቢመለስም ቶሎ አይለቅም፣ ደቂቃዎች ይቆጥራል፣ ምክንያቱም የፍሪጅ ሞተር እንደቆመ ወዲያው ቢነሳ ይጎዳል። የምትጠብቂያቸው አራት አምስት ደቂቃዎች እነዚያ ናቸው፣ በዚያ ላይ ራውተሩ ተነስቶ መስመር እስኪይዝ የሚወስደው አለ። መከላከያው ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ ግን ለፍሪጅ የተሠራ ነው።

የራውተሩን አዳፕተር ገልብጠሽ አንብቢ። ግቤቱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ሳይል አይቀርም፣ ያየኋቸው አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው። እንደዚያ ካለ ፍሪጁ የሚፈራውን ቮልት ራውተሩ አይፈራውም። በቀጥታ ጤነኛ ሶኬት ላይ ሰኪው። የሳሎኑን ሶኬት ግን በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሠሪው፣ እስከዚያው በሌላ ዲቫይደር ከመኝታ ቤት ሳቢ። ምጣዱ ያለበት መስመር ላይ እንዳታደርጊው።

አሁን መኝታ ቤቱ። ዳንቴሉ ሲግናል አይከለክልም፣ ሙቀት ግን ያፍናል፣ ስለዚህ እናትሽን በደንብ አስረጃት። ሲግናሉን የሚከለክለው ቴሌቪዥኑ ነው፣ ውስጡ ሰፊ ብረት አለው። ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መካከል የኮንክሪት ኮለን ካለ ደግሞ ውስጡ ያለው ፌሮ ሲግናሉን ያዳክመዋል። ራውተሩን የፋይበሩ ክር እስከደረሰ ድረስ ከቡፌው አናት ላይ አውጪው፣ ክፍት ቦታ።

ሁለት የዋይፋይ ስም ይታይሻል? አንዱ መጨረሻው ላይ 5ጂ ካለው እሱ የሞባይሉ 5ጂ አይደለም፣ 5 ጊጋኸርዝ ማለት ነው። ፈጣን ነው፣ ግድግዳ ግን አይወድም። ሳሎን ስትሆኚ እሱን ያዢ። 2.4 የሚባለው ራቅ ብሎ ይደርሳል፣ ግን ኮንዶሚኒየም ውስጥ የጎረቤት ሁሉ እዚያው ላይ ነው፣ ማይክሮዌቭና ብሉቱዝም እዚያው። ስልክሽ አንድሮይድ ከሆነ ዋይፋይ አናላይዘር የሚባል መተግበሪያ ጫኚና መኝታ ቤት ቆመሽ ክፈቺው። 2.4 በቁጥር በተለዩ ቻናሎች፣ ማለትም መተላለፊያዎች፣ ተከፍሏል፤ ከ1፣ 6 እና 11 መካከል ባዶ የሆነውን ራውተሩ ላይ ምረጪ። ሌሎቹን ቁጥሮች አትንኪ፣ 3 ወይም 4 ላይ ብትቀመጪ ከ1ዱም ከ6ቱም ጋር ትጋጫለሽ።

አቡሽ 04፦

የሚኒ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው ትንሽ መጠባበቂያ) ነገርስ? መብራት ጭራሽ ሲጠፋ።

ገመድ ዘርጊ፦

ጥሩ ነው። ቮልቱ ከራውተሩ ጋር እኩል ይሁን፣ 12 ከሆነ 12። አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ። የመሰኪያው ውፍረትም ይግጠም። 9 ቮልት የሆነውን ራውተር 12 ላይ ሰክቶ ያቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ሳጥኑ ሁለት ከሆነ፣ ማለትም የፋይበሩ ሌላ ራውተሩ ሌላ ከሆነ፣ ለሁለቱም ነው የሚያስፈልግህ። አንዱ ብቻ ቢበራ ዋይፋይ ይኖርሃል፣ ኢንተርኔት አይኖርህም።

ፊደል አስተማሪ፦

ቅዳሜ ማታ ነው፣ አሁን ትምህርት ጨርሼ መጣሁ። አናላይዘሩን ስከፍት መኝታ ቤት ውስጥ 14 የጎረቤት ዋይፋይ ቆጠርኩ፣ ዘጠኙ 6 ላይ ተደራርበዋል፣ የእኔም እዚያው ነበር። 11 ላይ ሁለት ብቻ ነበሩ፣ ወደዚያ ቀየርኩት። መኝታ ቤት አሁንም እንደ ሳሎኑ አይሆንም፣ ግን ቪዲዮ ይከፍታል። ደመወዝ ስቀበል ገመድ እስባለሁ።

አዳፕተሩም እንዳልከኝ ከ100 እስከ 240 ይላል፣ ስለዚህ ከፍሪጁ ስታቢላይዘር ነቅዬ ሌላ ሶኬት ላይ ሰካሁት። እማዬ ዳንቴሉን ወስዳ ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጋዋለች።

1 ሰዓት ከሩብ ላይ እማዬ ሦስተኛውን እንጀራ እያወጣች ከወጥ ቤት "ቀጭ" አለ። ልቤ ቆመ። ፍሪጁ ጠፋ፣ አምፖሉ ፈዘዘ። ትንሹ ልጅ ግን ስክሪኑ ላይ ነው፣ "ጸ ጹ ጺ" እያለ ይቀጥላል። እስከ "ጾ" ድረስ አንዴም አልደረቀም።