ነገ ጠዋት «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለሽ ጻፊ ተብያለሁ፤ ልጻፍ?

የስቶሯ፦ ሰላም ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የግል ድርጅት ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ልጄ ታሞ 3 ቀን ቀረሁ፤ ለአለቃዬ በቴሌግራም አሳውቄዋለሁ። ዛሬ ስመለስ ጥበቃው «አታስገባት ተብያለሁ» ብሎ በር ላይ አቆመኝ። ኤች አሯ ደውላ «ነገ 3 ሰዓት መጥተሽ በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለሽ ጻፊ፣ ክሊራንስ ጨርሺ፣ የሥራ ልምድ እንሰጥሻለን። እምቢ ካልሽ ግን ተባራ ነው ብለን ነው የምንጽፈው» አለችኝ። ካሳ መጠየቅ እችላለሁ ወይስ ጽፌ ልገላገል?

ጋሽ ደንቡ፦ ልጄ፣ መብት ከግዴታ ጋር ነው። እኛ በሥራ ዘመናችን ወባ ይዞን እንኳ እንገባ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 377 ደግሞ 5 ቀን በተከታታይ የቀረ ያለማስጠንቀቂያ ይሰናበታል ይላል። አሠሪም ሰው ነው።

ሚጡ፦ እንዳትጽፊ!!

ፋይሉ ይቅረብ፦ ጋሼ፣ 377 እኮ ተሽሯል። አሁን ያለው 1156/2011 ነው። አንቀጽ 27 በ6 ወር ውስጥ በድምሩ 5 ቀን መቅረት ይላል፤ ያውም በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው። 3 ቀን አይሞላም። ሲያሰናብቱም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መስጠት አለባቸው። የሥራ ልምዱም ችሮታ አይደለም፣ ግዴታቸው ነው።

ቡና አልጠጣሁም፦ እኔ ስባረር ጥበቃው ራሱ አልቅሶ ነበር፤ ብድሬን ሳልከፍለው ስለወጣሁ። ይልቅ የስቶሩ ቁልፍ አንቺ ጋ ነው? ሳይቆጠር እንዳታስረክቢ። ቢን ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ካርድ) እና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ተመሳክሮ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁ፣ አንድ ኮፒ ያዢ። አለዚያ ካሳ ልትጠይቂ ሄደሽ በጉድለት ተከሳሽ ትሆኛለሽ።

ሞጋቹ፦ ቆይ፣ ማን አባረራት? ደብዳቤ የላትም። የከለከላት ጥበቃ ነው። ነገ ቤቷ ብትቀር «ራሷ ጠፋች» ነው የሚሏት። በዚያ ላይ የስቶር ኃላፊ ምናምን ተብላ የሥራ መሪ ከሆነች አዋጁም አይመለከታትም።

ፋይሉ ይቅረብ፦ የመጀመሪያው ትክክል ነው። ነገ ሂጂ። «ሥራዬ ላይ ለመገኘት መጥቼ እንዳልገባ ተከልክያለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ አስገቢና ኮፒው ላይ አስፈርሚ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ላኪው። የቴሌግራሙን መልእክት ስክሪንሾት አድርጊ፣ የልጅሽን የሕክምና ወረቀት ያዢ። ሠራተኛ የምትቀጥሪና የምታሰናብቺ ካልሆንሽ ደግሞ ስቶር ኪፐር መሆን ብቻውን የሥራ መሪ አያሰኝም። ስንት ዓመት ሠራሽ? ደመወዝሽስ?

የስቶሯ፦ 4 ዓመት። ቋሚ ነኝ፣ 12,000 ብር። አንድ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለብኝ፣ የማርፈድ ነው መሰለኝ።

ጋሽ ደንቡ፦ ይኸው! ማስጠንቀቂያ አለ!

ፋይሉ ይቅረብ፦ የማርፈድ ማስጠንቀቂያና የመቅረት ማስጠንቀቂያ አንድ አይደሉም። ግን ወረቀቱን ፈልገሽ አንብቢው፣ እነሱ ይዘውት መቅረባቸው አይቀርም።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 12,000 ለ30 ሲካፈል በቀን 400 ብር። ስንብቱ ሕገ ወጥ ነው ከተባለና ወደ ሥራ ካልተመለስሽ፣ ካሳው የ180 ቀን ነው፦ 72,000። ከስንብት በፊት ሊሰጥሽ የሚገባው የማስጠንቀቂያ ጊዜ ደመወዝ ለ4 ዓመት አገልግሎት የ2 ወር ነው፦ 24,000። የሥራ ስንብት ክፍያ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ለቀሪዎቹ ለእያንዳንዳቸው የዚያ ሲሶ፦ 24,000። ድምር 120,000፤ ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍት ሳይቆጠር። በፈቃድሽ ከለቀቅሽ ግን ካሳውም የለም፣ የስንብት ክፍያውም 5 ዓመት ስላልሞላሽ የለም።

አንቀጽ 25 ሠራተኛ መብቱን ቢተው በሕግ ፊት አይጸናም ይላል። ቢሆንም በእጅሽ የጻፍሽው መልቀቂያ መዝገብ ውስጥ ከገባ ተገድጄ ነው ብለሽ ለማስረዳት ፍዳሽን ነው የምታይው።

ወደ ሥራ መልሱኝ ለማለት 3 ወር፣ ክፍያ ለመጠየቅ 6 ወር አለሽ። ካለፈ በይርጋ ይታገዳል። አዲስ አበባ ከሆንሽ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው፤ ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም። ጠበቃ ካቃተሽ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ሚጡ፦ እንዳትጽፊ ብዬ ነበር እኮ።

ሞጋቹ፦ ፍርድ ቤት እያለች ልጇን ማን ያበላል? ተደራድራ 2 ወር ደመወዝ ብትቀበል ይሻላታል።

ቡና አልጠጣሁም፦ 120 ሺህ በ24 ሺህ? አንተ ነህ እንዴ ኤች አሯ?

አዲሱ ሠራተኛ፦ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እኔም ትናንት አትመጥንም ብለው አሰናበቱኝ፣ ከተቀጠርኩ አንድ ወር ከግማሽ ነው። 180 ቀኑ ለኔም ይሠራል?

ፋይሉ ይቅረብ፦ ውልህ ላይ የሙከራ ጊዜ ተጽፏል? እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቀዳል። እዚያ ውስጥ ሥራውን አልቻለም ከተባልክ ማስጠንቀቂያም ካሳም የለም። በጽሑፍ ካልተደረገ ሌላ ነገር ነው፤ ውሉን ፎቶ አንስተህ ለብቻው ጠይቅ።