እጮኛዬ ይንተባተባል፤ ልናገርለት ወይስ ዝም ልበል?

ትርሲት የሲኤምሲዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ለብዙዎቻችሁ ትንሽ ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

እጮኛዬ ይንተባተባል። ከተዋወቅን ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ ሰሞን አላወቅኩም ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? አብዛኛውን የምናወራው በቴሌግራም ነበር። በአካል ስንገናኝ ደግሞ ረጋ ያለ፣ ቁጥብ ሰው ነው ብዬ ነው የወሰድኩት። ካፌ ስንገባ ሁልጊዜ ማኪያቶ ያዛል። ለካ ማኪያቶ አይወድም! «ቡና» ሊል ሲል «ቡ» ላይ ከንፈሩ ይገጥምና አልላቀቅ ይለዋል። አስተናጋጇ ፊቱ ቆማ ላብ ከሚያሰምጠው ማኪያቶ ይላታል። («ማ» ላይስ ከንፈር አይገጥምም ወይ እንዳትሉኝ፤ እኔም ጠይቄው ስቆብኛል።) ይህን የነገረኝ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

ካወቅኩ በኋላ አፉ ሆንኩ። ስልክ የምደውለው እኔ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» የምለው እኔ። ገና «የ... የ...» ሲል ቀሪውን አፈፍ አድርጌ የምጨርሰው እኔ። ፍቅር መስሎኝ ነበር።

ያለፈው እሁድ እኛ ቤት ምሳ ተጠርቶ መጣ። አጎቴ ከክፍለ ሀገር መጥተው ነበርና «ስምህን ማን አልከኝ ልጄ?» አሉት። ተያዘ። አንገቱ ላይ ያለው ሥር ተገተረ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ድምፅ የለም። አጎቴ ክፋት የላቸውም፤ «ምነው፣ ስምህ ጠፋህ እንዴ?» ብለው ሳቁ። ቤቱም ሳቀ። እኔ ተሽቀዳድሜ ስሙን ተናገርኩ። እስክሸኘው ድረስ ቃል አልተነፈሰም። በሩ ላይ ደርሶ፦ «ስ... ስሜን እንኳን አልተውሽልኝም» አለኝ።

ሠርጋችን ጥር ላይ ነው። ቃል ኪዳን ስንገባ በሰው ፊት ማይክ ይዞ መናገር አለበት። እናቴ «በልጅነቱ ደንግጦ ነው፣ ፀበል ውሰጂው» ትለኛለች። ምን ላድርግ? ብናገርለት ይከፋዋል፤ ዝም ብል ደግሞ ሲጨነቅ ማየት አልችልም።

ወራጅ አለ፦

እህቴ፣ ስሜን አይተሽ ገምተሻል መሰለኝ። 41 ዓመቴ ነው፤ ካወቅኩት ጀምሮ እንተባተባለሁ። ከመገናኛ ተሳፍሬ መውረጃዬን እያየሁት ስንቴ አያት ሰፈር ደርሻለሁ መሰለሽ! «ወ» ላይ ስታገል ታክሲው ይሄዳል። አሁን አንድ ፌርማታ ቀደም ብዬ መጀመር ለምጃለሁ።

የስም ነገር ከሁሉም ይከፋል። ሌላውን ቃል እናመልጠዋለን። «ቡና» ካስቸገረ ማኪያቶ አለ፣ «ረቡዕ» ካስቸገረ «ከማክሰኞ ማግስት» ይባላል። ስም ግን ምትክ የለውም። ስሙን ሲጠየቅ የማይያዝ የኛ ሰው ብዙ አላውቅም። ስለዚህ እዚያች ላይ ስትቀድሚው የነጠቅሽው ትልቁን ነው።

ድንጋጤ ያመጣዋል የሚለውን እኔንም ብለውኛል። አያቴ ይንተባተቡ ነበር፣ አጎቴም እንዲሁ፤ ሦስታችንንም ማን አስደነገጠን? ከዘር ጋር፣ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋር የተያያዘ ነገር ነው። ጭንቀት ያባብሰዋል እንጂ አይፈጥረውም።

አሁን ለሠርጉ የሚረባሽን ልንገርሽ። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ። ቅዳሴ ላይ አንድም ቀን ተይዤ አላውቅም። ከቤተ መቅደስ ወጥቼ «ሰዓት ስንት ነው?» ማለት ግን ያቅተኝ ነበር። ዜማ ሲሆን፣ ወይም ከሌላ ሰው ጋር እኩል ሲባል፣ አብዛኞቻችን ይለቀናል። ስለዚህ ቃል ኪዳኑን የሚያስገቡትን አባት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። እሳቸው ብለው እሱ ከሚደግም፣ አንድ ላይ ይበሉት። ደስ ካለው ማለቴ ነው። ብቻዬን ልበል ካለ ደግሞ ይበል፤ ሦስት ደቂቃ ቢፈጅ ምሳው አይበላሽ!

ቅን አሳቢ፦

በጣም ቀላል ነው። «ተረጋጋ፣ ትንፋሽ ውሰድ፣ ቀስ ብለህ ተናገር» በይው። ፍጥነት ነው ችግሩ።

ወራጅ አለ፦

ወንድሜ፣ 41 ዓመት ሙሉ ትንፋሽ ስወስድ ኖሬያለሁ፤ ሳንባዬ ሁለት ሜዳ ሆኗል። «ተረጋጋ» ስትለኝ የምሰማው «እያየሁህ ነው» የሚለውን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጓ፦

የኔ እህት፣ እንደ አንቺው ነበርኩ። ባሌ ይንተባተባል፤ ከተጋባን 17 ዓመታችን ነው። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ስልኩን የሚያነሳው ማሽን ነው። «ስምዎን ይናገሩ» ይልሽና ሁለት ሰከንድ ካለፈ «አልሰማሁም» ብሎ ይዘጋል። ሞባይሉን ግድግዳ ላይ የወረወረበት ቀን ነበር።

የንግግር ሕክምና ባለሙያ ጋ ስንሄድ ታድነዋለች ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ሴትዮዋ ጭራሽ ሆን ብለህ ተንተባተብ አለችው! ሱቅ ገብቶ እያወቀ «ዳ... ዳ... ዳቦ» እንዲል። መጀመሪያ ያበደች መስሎኝ ነበር። ኋላ ሲገባኝ፣ የሚያደክመው መንተባተቡ ሳይሆን መደበቁ ነው። አሁን አዲስ ሰው ሲተዋወቅ «እንተባተባለሁ፣ ትንሽ ታገሠኝ» ብሎ ይጀምራል። ሰው ዘና ይላል፣ እሱም ይቀለዋል።

በመካከላችን ያለችው ውል ይህቺ ናት። ጠረጴዛ ሥር እጄን ከነካኝ እኔ እናገራለሁ። ካልነካኝ አፌ ዝግ ነው። ሲያዝም ከንፈሩን አላይም፣ ዓይኑን ነው የማየው፤ ወዲያ ዞሬ ቦርሳዬን መፈተሽም የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጥርሴን ነክሼ ነበር የምጠብቀው፣ አልዋሽሽም።

ደግሞ ከወለዳችሁ ብለሽ ትፈሪ ይሆናል። የኛ ልጅ ሦስት ዓመቱ ላይ ጀመረው፤ አምስት ሳይሞላው ተወው። አብዛኞቹ ልጆች ይተውታል። ባይተወውስ? አባቱ አለ፣ ሠርቶ የሚያድር፣ የሚቀልድ ሰው።

አቡ ሙሳ ከደሴ፦

ነቢዩላህ ሙሳም ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ያደረጉትን ዱዓ እናውቀዋለን። «ከምላሴም ቋጠሮውን ፍታልኝ» ነው ያሉት። ወንድማቸው ሃሩን አጋዥ ሆነው የመጡት ግን ሙሳ ራሳቸው ስለጠየቁ ነው። እጮኛሽ ጠይቆሻል?

ትርሲት የሲኤምሲዋ፦

አቡ ሙሳ፣ ጥያቄህን ሳነብ ሻይዬን አስቀመጥኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ትናንት ጠየቅኩት። አሰብ አድርጎ ከፋፈለልኝ። ባንክና መብራት ኃይል ስልክ ደውዪልኝ፤ እነሱን ሲያናግር ያልተንተባተበ ሰውም ይንተባተባል አለኝ። ስሜን፣ የምጠጣውን፣ ከአባትሽ ጋር የማወራውን ተይልኝ አለ። ስለ ቃል ኪዳኑ ገና አልወሰነም፤ አንድ ላይ ማለቱን ግን ወዶታል። እናቴን ነገ አናግራታለሁ፤ እሷን እንኳ ማሳመን ከባድ ነው።

«ታክሲውስ?» አልኩት። «እ... እሱን እንሞክረው» አለ።

ዛሬ ከመገናኛ አብረን ተሳፈርን። መውረጃችን ሲኤምሲ ሚካኤል ነው። ሲቪል ሰርቪስን እንዳለፍን «ወ» ብሎ ጀመረ። እኔ መስኮቱን ልይ ብዬ ዞርኩና የሲልቨር ስፕሪንጓ ትዝ ስትለኝ ተመለስኩ፤ ዓይኑን አየሁት። ሚካኤል መጣ። ሚካኤል አለፈ። ጉሮሮዬ ላይ የኔ «ወራጅ አለ» እንደ አጥንት ተሰንቅሯል። ቀጣዩ ፌርማታ ሲኤምሲ ልንደርስ ስንል «ወራጅ አለ!» አለ፣ ጮክ ብሎ።

ረዳቱ በሩን እየከፈተ «ሚካኤል ነበር እንዴ? ቀደም ብለህ አትልም?» አለው።

«ሚ... ሚካኤል ሳንደርስ ጀምሬ ነበር» አለው።